ድልድዩ ጭር የሚልበት ሰዓት

ሰኞ 4

ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ለሌላው ሰው ይህ ማለት ዩኒፎርም፣ ቦርሳና የጠዋት ለቅሶ ነው። ለእኛ ለተሽከርካሪ ቆጠራ ክፍል ሰዎች ግን ዓመቱ የሚጀምረው ዛሬ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየግቢው ሸራ ለብሶ ተኝቶ የነበረ መኪና በአንድ ጠዋት ነቅቶ ጎዳና ላይ ወጣ። ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ «መንገዱ ሁልጊዜ ተጨናንቋል» ይላል። ሁልጊዜ የሚባል ሰዓት የለም። ጠዋት አለ፣ ቀትር አለ፣ ማታ አለ። ሰኞ አለ፣ እሑድ አለ። ትምህርት የተዘጋበት ወር አለ፣ የተከፈተበት ወር አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስናገር ኖሬአለሁ። የሰማኝ ሰው ቢኖር እስካሁን ይታወቅ ነበር።

ዛሬ አንድ ሰው ሰማኝ፤ አዲሱ ዳይሬክተራችን። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከኋላው «ግራፍ» ይለዋል፤ ሌላው አለቃ የቤተሰቡን ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ እሱ ግራፍ ስለሰቀለ። ድልድዩ ሊጠገን ነው። ተቋራጩ ለስድስት ሳምንት፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ አንዱን መስመር ዘግቶ መሥራት አለበት። ሌሊት እንዳይሠራ ሆስፒታሉ ከድልድዩ አጠገብ ነው፤ ሕሙማን ይተኛሉ። እንግዲህ ከቀኑ ውስጥ መኪና የሚያንስባቸውን ሁለት ሰዓቶች ፈልጎ ማግኘት የእኔ ሥራ ሆነ።

«ዳታው ይናገር፤ ሰው ዝም ይበል» አለኝ ግራፍ።

እንዲህ ያለ አለቃ ስጠኝ ብዬ ፈጣሪን ስለምን ነበር። ሰጠኝ።

ቤት፦ ልጃችን የመጀመሪያዋን ልትወልድ ከባሏ ጋር ወደ እኛ ከመጣች ሳምንት ሆናት። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ «ምጡ ሲጀምርሽ ‹እስቲ ትንሽ ልየው› የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ወደዚህ» ብሏታል። ሆስፒታሉ ከእኛ ቤት ሲታይ ከድልድዩ ማዶ ነው። እኔ አልተጨነቅኩም። የጻፍኩት እንዲያው ለማስታወሻ ያህል ነው።

ረቡዕ 6

ቱቦውን ዘረጋን። ነገሩ ቀላል ነው፤ የጎማ ቱቦ አስፋልቱን አቋርጦ ይዘረጋል፣ የመኪና እግር ሲረግጠው አየር ወደ ሳጥኑ ይገፋል፣ ሳጥኑ ጠቅ ብሎ ይቆጥራል። አይሰለችም፣ ሻይ አልጠጣሁም አይልም፣ ዘመድ ሞተብኝ ብሎ አይቀርም። በመሥሪያ ቤታችን ካሉት ሠራተኞች ሁሉ የማምነው እሱን ነው።

ቴክኒሻናችን ሽቦ (ቁመናውን ያየ ስሙን ማን አወጣለት ብሎ አይጠይቅም) የድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ቆም አለ።

«ጋሼ፣ መመሪያው መኪና ሳይቆም ከሚያልፍበት ቦታ ዘርጉ ነው የሚለው። ወደ ላይ ወጣ ብንልስ?»

«አምና ወደ ላይ ወጣ ብለን ዘርግተን የተሰረቀው ሳጥን የት ተገኘ?»

«ዶሮ ታቅፋበት።»

«ስንት እንቁላል?»

«ሰባት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መመሪያው ሳጥን አይጠብቅም። እዚሁ እሰረው።»

ሳጥኑ ከድልድዩ ዘበኛ ቤት አጠገብ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታሰረ። ከመሥሪያ ቤት ወደየቤቱ የሚመለሰው መኪና ሁሉ ድልድዩ ላይ ሊወጣ ሲል ቱቦውን ይረግጣል፤ ከማዶ የሚመጣውም ሲወርድ። ዘበኛው «እንደ ዓይኔ ብሌን!» ብሎ ማለልኝ።

ማታ ቤት የገባሁት አንድ ሰዓት አልፎ ነው። ድልድዩ ላይ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ነበር። አጋጣሚ።

ዓርብ 8

ዛሬም ዘገየሁ። ዝናብ። ዝናብ ሲጥል የዚህ ከተማ ሹፌር መንዳት እንደ አዲስ ይጀምራል። አጋጣሚ።

የልጄ እግር አብጧል። እናቷ ትራስ ደርድራላት ሰቅላዋለች። የሆስፒታሉ ቦርሳ ተዘጋጅቶ እንደሆነ ሦስት ጊዜ መጠየቄ ከጭንቀት አይደለም፤ የሙያ ልማድ ነው።

እሑድ 10

ዛሬ ወደ ሆስፒታሉ የሙከራ ጉዞ አደረግን። ሐሳቡ የእኔ ነው። አማቼ ይነዳል፣ እኔ ከፊት ሰዓት ይዣለሁ፣ ሚስቴና ልጄ ከኋላ። አማቼ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ከግቢያችን ሲወጣ እንኳ ፍሬቻ ያበራል፣ ለማን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ስምንት ደቂቃ ፈጀብን።

«እሑድ ጠዋት እኮ ነው፣ አንተ ሰው!» አለች ሚስቴ። «በእሑድ እንኳን በመኪና፣ በዳዴም ይደረሳል።»

የሙያ ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እሑድ ከሌላው ቀን በምን ያህል እንደሚያንስ የሚያሳይ ማባዣ አለን፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልፋቴ ነው። አባዛሁት። አሥራ ሁለት ደቂቃ መጣ። በትልቁ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት፦ ከቤት ሆስፒታል፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ በማንኛውም ሰዓት።

«በማንኛውም ሰዓት» የምትለዋን ስጽፍ እጄን ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነበር። ግን ልጄ እያየችኝ ነው።

«አባዬ ካለ አለ ነው» ብላ ሳቀች።

«አባትሽ ካለማ» አለች ሚስቴ፣ «ልጁም በቀጠሮ ይወለዳል።»

አማቼን ከሰዓት በኋላ ማቀዝቀዣው ፊት አራት ጊዜ ቆሞ አይቼዋለሁ። አንድም ጊዜ አልከፈተውም።

ማክሰኞ 12

የሳምንቱ ቆጠራ ወጣ። ደስታዬን ይህ ገጽ አይበቃውም።

የማንኛውም ጎዳና የቀን ውሎ በወረቀት ሲሳል ሁለት ጉብታ አለው፤ አንድ የጠዋት፣ አንድ የማታ፤ በመሐል የቀትር ዝቅታ። ይህን የትም አገር ያለ ቆጣሪ ዓይኑን ጨፍኖ ይስለዋል። የእኛ ድልድይ ግን የማታው ጉብታ ለሁለት ተሰነጠቀ! አሥር ሰዓት ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ቁልቁል ይወርዳል፣ ያውም ከቀትሩ በታች፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ እንደገና ይወጣል። በመሐል ሸለቆ። በሃያ ሁለት ዓመቴ እንዲህ ያለ ሸለቆ አይቼ አላውቅም።

ምክንያቱን ለማግኘት ምሳዬን ተውኩ። አገኘሁትም። ልጅ የሚያመጡ ወላጆች በአሥር ሰዓት ያልፋሉ። የመሥሪያ ቤት ሰው ደግሞ በዚህ ዘመን ትጉህ ሆኗል፤ ሥራውን ሳይጨርስ ከወንበሩ አይነሣም፤ ወደ ቤቱ የሚሄደው በአንድ ሰዓት ነው። በመሐል ድልድዩ ጭር ይላል። ይህን በሁለት ገጽ ጻፍኩት። «ትጉህ» የሚለውን ቃል ግራፍ አሰመረበት።

እኔ ራሴ በአሥራ አንድ ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ ቤት የገባሁት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። የሹፌራችን የአቋራጭ ጥፋት ነው። ይህን ስም ያገኘው ቀጥታ መንገድ ስለማይወድ ነው። ዛሬ «አንድ መንገድ አግኝቻለሁ፣ ጋሼ» ብሎ የአሸዋ ክምር ጋ አድርሶ መለሰን። አጋጣሚ።

ሐሙስ 14

ስብሰባ። ግራፍ ሸለቆዬን በግድግዳ ላይ አበራው። ውብ ነበር። ተቋራጩ «ቀትር ላይ ብንሠራ አይሻልም?» ብሎ ጠየቀ፤ ግራፍ በመጠቆሚያ እንጨቱ የቀትሩን ቁጥር ጠቆመ፣ ከዚያ የሸለቆውን። «የቱ ይበልጣል?» «የቀትሩ» አለ ተቋራጩ። «እንግዲህ» አለ ግራፍ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ከሰኞ ጀምሮ ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ተኩል አንዱ መስመር ይዘጋል፤ በቀረው መስመር ባለባንዲራ ቆሞ ወዲህና ወዲያ በተራ ያሳልፋል። በቃለ ጉባኤው ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል። እናቴ በሕይወት ብትኖር አነብላት ነበር።

ስወጣ አቋራጭ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ እውነት ነው? በዚያ ሰዓት ድልድዩ ጭር ይላል ብለዋል?»

«እኔ አላልኩም። ቁጥሩ ነው ያለው።»

«ታዲያ ማታ ማታ እኔና እርስዎ አብረን የምንቆመው የት ነው?»

«አንተ የምትነግረኝ ስሜት ነው» አልኩት። «ሰው የቆመበትን ሰዓት ያስታውሳል፣ ያለፈበትን ይረሳል።»

«እኔ ያለፍኩበትን ባገኝ አልረሳውም ነበር፣ ጋሼ።»

ዕድሜ ልክ መሪ ጨብጦ ስለ ትራፊክ የሚያወራ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን በልቶ ሐኪም ነኝ እንደሚል ሰው ነው። ይህን ልነግረው ነበር። ሳልነግረው አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ፤ ድልድዩ ላይ ነበርን።

ሰኞ 18

ተዘጋ። ቤት የገባሁት ሁለት ሰዓት። የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ሰው እስኪለምድ። ልጄ ተኝታለች። ሚስቴ እራቴን ሳታሞቅ አስቀመጠችልኝ። «ጭር ባለ ድልድይ የመጣ ሰው ምግቡ አይቀዘቅዝበትም ብዬ ነው» አለች።

ረቡዕ 20

ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«አሁን ይሄን ድልድይ በዚህ ሰዓት ዝጉ ያለው ማን ነው?»

«ቆጥረው ነው አሉ።»

«ቆጥረው? የቆጠረው ሰው ጣት የለውም እንዴ!»

«ጣትስ ይኑረው፤ ዓይን ነው ያጣው።»

ሁለቱን እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ዳቦዬን ስቀበል ማውጣት ግድ ሆነ። ማንም አልቆጠራቸውም።

ሕዝብ ዝም ብሎ ነው የሚናገረው። እኔም ዝም ብዬ ነው የሰማሁት።

ዓርብ 22

የጥገናው የመጀመሪያ ሳምንት ቆጠራ ዛሬ ወጣ። በተዘጋባቸው ሁለት ሰዓቶች ቁጥሩ ይብሱን ወርዷል። ግራፍ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ጨበጠኝ፤ አለቃ ወደ እኔ ቢሮ ሲመጣ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። «አዩ፣ ሕዝቡ ተባብሯል፤ በዚያ ሰዓት ድልድዩን ትቶታል» አለኝ። የምስጋና ደብዳቤ ሊጻፍልኝ ነው።

ሲወጣ ቁጥሩን ደቂቃ በደቂቃ ዘርዝሬ አየሁት። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያ ሦስት መኪና፣ ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ። መኪና እንዲህ አይሄድም። ሸለቆ ቢሆን ጥቂት ጥቂት እያለ ይመጣል እንጂ…

ባትሪው ደክሞ ይሆናል። ሽቦን ልኬ አስለወጥኩት።

ማታ አቋራጭ ላይ ጮህኩበት። ምንም አላጠፋም፤ መኪናውን አቁሞ ነበር። ሌላ ምን ያድርግ፤ ከፊቱ ያለው ሁሉ ቆሟል። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ «ሰኞ በጊዜ ና» ብዬው ገባሁ።

ሰኞ 25

ልጄን ሐኪም አይቷታል። ግፊቱ አልወረደም። «ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም ቀን» ብሏታል።

እራት ላይ አማቼ ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስት ቀን ሲለማመደው የቆየ ንግግር እንደሆነ ያስታውቃል።

«አባባ፣ እኔ ያሰብኩት… አክስቴ ከድልድዩ ማዶ ናት። ከሆስፒታሉ በእግር ነው። እስክትወልድ እዚያ ብንቆይስ? ማታ ማታ መንገዱ…»

«መንገዱ ምን?»

«ምንም፤ ለጥንቃቄ ያህል።»

ያኔ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ማለት እችል ነበር። ሦስት ቃል ናት። እኔ ግን ቁጥሩን፣ ማባዣውን፣ የዳይሬክተሩን የምስጋና ደብዳቤ ጭምር አነሣሁ። የባለሙያ ልጅ ከአባቷ ቤት በጭንቀት ሸሽታ አክስት ቤት ገባች ቢባል ምን ይመስላል አልኩ። ጮክ ብዬም ሳልናገር አልቀረሁም።

አማቼ አንገቱን ደፋ። ሚስቴ ዓይኗን ከሳህኗ አላነሣችም። ልጄ ወደ ማቀዝቀዣው አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ተወው» አለችው ባሏን። «አባዬ አሥራ ሁለት ደቂቃ ካለ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። በዚህ ነገር ተሳስቶ አያውቅም።»

ይህን ስትል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሳህኔን ገፋ አደረግሁ። ወጡ ጨው በዝቶበታል።

ሐሙስ 28፣ ከሆስፒታሉ ኮሪደር

ምጡ የጀመራት በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቀኑ ሌላ ሃያ ሦስት ሰዓት ነበረው።

ሚስቴ ደወለች። «ጀምሯታል። ወጣን። አሥራ ሁለት ደቂቃ ብለሃል» ብላ ዘጋችብኝ።

አቋራጭ ወዲያው ሆስፒታሉ በር አደረሰኝ፤ ቢሮአችንና ሆስፒታሉ ከድልድዩ በአንድ በኩል ናቸው። ቆምኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ለነፍሰ ጡር ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ለዚያ ነው አልኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ስልክ ብደውል አይነሣም። አቋራጭን «ተሻግረን እናምጣቸው» አልኩት። «በምን ላይ፣ ጋሼ?» አለኝ፤ ግን ነዳ። ከሆስፒታሉ በር እስከ ድልድዩ አፍ ልጅ ድንጋይ ወርውሮ ያደርሳል። እዚያ ለመድረስ ሌላ ሩብ ሰዓት ፈጀብን፤ ደረስንና ቆምን። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ ድልድዩ ላይ መኪና። ጥሩምባ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

መቀመጥ አልቻልኩም። ወረድኩ። ስወርድ የፊት ጎማችን የት እንደቆመ አየሁ።

ቱቦዬ ላይ።

ጎማው ተኝቶበታል፤ ቱቦው ልጥፍ ብሏል። ከማዶ ተራ ደርሷቸው የሚወርዱት ጥቂት መኪኖች ያንኑ ቱቦ ይረግጣሉ፤ የታነቀ ቱቦ ግን ትንፋሽ አያሳልፍም። ሄጄ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ አደረግሁ። ዓይኔ እስካየበት ድረስ መኪና ተደርድሯል፤ ሳጥኑ ግን እንደ ሌሊት ዝም ብሏል። ጠቅ የለም።

ዘበኛው ከቤቱ ወጣ። «ጌታዬ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኩት» አለኝ በኩራት። «በዚህ ሰዓት ማታ ማታ ይተኛል። እኔም አልቀሰቅሰውም።»

ሸለቆዬ ይህ ነበር። ሰው ሁሉ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ ቤቱን ሲናፍቅ፣ እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ «ማንም የለም» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በላዩ ላይ «ትጉህ» ብዬ አሳምሬ ነበር። ቱቦው የሚቆጥረው የሚሄደውን ነው። የቆመውን አይቆጥርም።

ቀና ስል አየኋቸው። በእግራቸው ነው የሚመጡት፤ መኪናቸውን ማዶ ጥለውታል። ሚስቴ ከፊት ናት፤ በተጠቀለለ ጃንጥላ የመኪናውን አፍንጫ ሁሉ እየቆረቆረች «ዞር በል! ዓይንህን ክፈት! ምጥ ነው!» ትላለች። አማቼ በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በሌላው ልጄን ይዟል። እሷ ጥቂት ትራመዳለች፣ የድልድዩን ብረት ጨብጣ ትቆማለች፣ እንደገና ትራመዳለች። ሹፌሮች ጥሩምባቸውን ተዉ። አንዱ ወርዶ ቦርሳውን ሊቀበል ሞከረ፤ አማቼ አልሰጠውም፤ ከእሷና ከቦርሳው ሌላ የሚይዘው ነገር ስላልነበረው ይመስለኛል።

ሮጬ ደረስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ስሮጥ ከመኪናው ሁሉ ፈጠንኩ።

«አባዬ» አለችኝ ጥርሷን ነክሳ፣ «ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«አትቁጠሪ» አልኳት።

በአንድ ብብቷ ሥር ገብቼ ደገፍኳት። ቱቦውን ስንደርስ እግሯን አንሥታ ተሻገረችው። እኛም ተሻገርን። አራት ሰው፣ ሊመጣ ያለ አምስተኛ። ሳጥኑ ጠቅ አላለም።

አሁን በሩ ተዘግቷል። ሚስቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። ጃንጥላው አሁንም እጇ ላይ ነው።

ጽሑፌን ሳልጨርስ ተጠራን። ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው። ሐኪሙ ለሚስቴ ነው የነገራት፣ ለእኔ አይደለም፦ «መኪናው ውስጥ ትጠብቅ ብትሉ ኖሮ…» አለና ተወው።

ጨርሶት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ 29

እንቅልፍ የለም። ቢሮ ሄድኩ። ሸለቆው ውሸት ነው፣ ቱቦውን የድልድዩ አፍ ላይ ያስዘረጋሁት እኔ ነኝ፣ የሥራው ሰዓት በአስቸኳይ ይለወጥ አልኩት ግራፍን።

በርኅራኄ አየኝ። «ደክሞዎታል። አያት ሆኑ አሉኝ፤ እንኳን ደስ አለዎት።» ከዚያ ወረቀት አቀረበልኝ። «ይልቅ የትናንቱን ይመልከቱ። ከአሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ጀምሮ አርባ ደቂቃ ሙሉ ዜሮ! ፍጹም ውጤት ነው። አሁን ምን ብለን ነው የምንለውጠው?»

ያ አርባ ደቂቃ የእኔ ጎማ ነው። አልኩትም። «አንድ ጎማ ዳታ አይሆንም» አለኝ። ይህን አነጋገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ ለማለት ይቻላል።

አቋራጭን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ለየትኛው፣ ጋሼ?» አለኝ። መምረጥ አቃተኝ።

ማክሰኞ 3

ግራፍን «የድልድዩን ስኬት በዓይንዎ ቢያዩት፣ ለሪፖርቱም ፎቶ ቢነሡ» አልኩት። ደስ አለው። በአሥራ አንድ ሰዓት በራሱ መኪና ሄድን፤ እሱ ከመሪው፣ እኔ ከጎኑ። ስልኩንና ክራቫቱን አስተካከለ።

ድልድዩ አፍ ስንደርስ እንደ ሰው ቆምን። ጥቂት ጊዜ ስለ ዳታ አወራ። ከዚያ ሬዲዮ ከፈተ። ከዚያ ዘጋ። ከዚያ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መለሰ።

«ይሄ ሰልፍ እስከ መቼ ነው?»

«የቱ ሰልፍ?»

«ይሄ ነዋ! አይታይዎትም?»

«ክቡር ዳይሬክተር፣ በዳታችን መሠረት በዚህ ሰዓት እዚህ ማንም የለም። እኔና እርስዎም የለንም።»

ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ከኋላችን ሳይረን ጮኸ። አምቡላንስ ነው፤ ወደ ሆስፒታሉ በር ሊታጠፍ የቀረው ትንሽ ነው፤ ግን ሰልፉ ውስጥ ተቀርቅሯል። መኪናው ሁሉ ወደ ጎን ሊል ሞከረ፣ ወዴት ይበል? ሳይረኑ አያቋርጥም። ግራፍ በመስታወቱ አየ። ዓይኑን መለሰ። እንደገና አየ።

«ውስጥ ማን አለ?» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«አልተቆጠረም» አልኩት። ማሾፌ ነበር። ሳልጨርሰው አስጠላኝ።

በሩን ከፍቶ ወረደ። በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ኩሬውን እየረገጠ ወደ ባለባንዲራው ሮጠ፣ ከዚያ ወደ ተቋራጩ ሠራተኞች። ሲጮህ ይሰማኝ ነበር፦ «አንሡት! ያን አጥር አንሡት እላለሁ! ዳይሬክተሩ ነኝ!» አጥሩ ተነሣ። ሁለቱም መስመር ተከፈተ፤ ከፊታችን ያለው መኪና ድልድዩ ላይ ወጣ፤ አምቡላንሱ ቦታ አግኝቶ ታጠፈ።

ግራፍ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጎማው ሥር የታነቀውን ቱቦ ተመለከተ። ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ስንት ቀን ሆነው እንዲህ ከሆነ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ያስዘረጋሁት እኔ ነኝ።»

«የፈረምኩት ደግሞ እኔ» አለ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ አልከፈተም።

እሑድ 8

ሥራው ወደ ረፋድ ተዛውሯል። አሁንም ሰልፍ አለ፤ ሰው አሁንም ይራገማል፤ ግን የሚንቀሳቀስ ሰልፍ ነው። ቱቦውን መመሪያው እንዳለው ወደ ላይ ወስደን ዘረጋነው። የማታው ጉብታ እንደ ሌላው አገር ጉብታ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ፤ ውበት የለውም። ሳጥኑ እስካሁን አልተሰረቀም። ዶሮዋ ጊዜ እየጠበቀች ነው መሰለኝ። የምስጋናው ደብዳቤ ደግሞ በመጨረሻ ደረሰኝ፤ ማንም አስታውሶ አላስቆመውም።

ማቀዝቀዣው ላይ ያለችውን ወረቀት ልገነጥላት ስል ሚስቴ እጄን መታችኝ። ለጠያቂ ሁሉ እያሳየች ነው። «አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ በማንኛውም ሰዓት» ብላ ታነብላቸውና ሻይ ትቀዳለች። ስትጨርስ ወደ እኔ አታይም። አማቼ ብቻ ነው የማይስቀው። ትናንት፣ በምጡ ቀን ድልድዩ ጋ ጥሎት የነበረው መኪናው ላይ ጭረት አገኘሁና «ይህን እኔ አሠራዋለሁ» አልኩት። «ምንም አይደል አባባ» አለኝ። ፍሬቻ አብርቶ ከግቢ ወጣ።

ልጄ በርታ ብላለች። ግፊቷ ወርዷል።

ሕፃኗ ቀን ቀን ትተኛለች፤ ማታ ማታ ታለቅሳለች። ሁለት ጉብታ አላት፤ አንድ ከእራት በኋላ፣ አንድ ሊነጋጋ ሲል። ልጄ ትናንት ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥታኝ «አባዬ፣ ሰዓቱን ያዝልኝ እስቲ፤ መቼ መቼ እንደምትተኛ እንወቀው» አለችኝ። እያሾፈችብኝ ይሁን ከልቧ ይሁን አልለየሁትም። ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ምንም አልጻፍኩበትም።

ስታለቅስ አልጋዬ ላይ ተኝቼ እሰማታለሁ። ዝም ስትል ግን ተነሥቼ ሄጄ አያታለሁ።